ከአክስቴ ልጅ የተረከብኩት ውሻ ይጥለዋል፤ ላራቡት ሰውዬ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

የመቻል እናት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ካናዳ ሲሄድ ውሻውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ስሙ መቻል ነው። ጀርመን ሸፐርድ ሲሆን ዕድሜው 2 ዓመት ከ4 ወር። ክትባቱ የተሟላ ነው፣ ደብተሩም እጄ ላይ አለ።

ከአራት ወር በፊት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰምቼ ወጣሁ። መቻል በጎኑ ወድቋል፤ እግሮቹ እንደሚዋኝ ይራወጣሉ፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ሽንቱን ለቋል። ዘበኛችን ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ሊያስጠጉ ሲንበረከኩ ነው የደረስኩት። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ሰዓት ነበር። ሲነሳ ግድግዳ እየገጨ ዞረ፣ ከዚያ የሳህኑን ውሃ ጥርግ አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ጎረቤታችን “ውሻው አብዷል” ብሎ ልጆቹን በደጃችን አያሳልፍም።

ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ምንም አላገኘም። “የሚጥል በሽታ ይመስላል፣ ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል” አለኝ። ልብ በሉ፣ “ሊሆን ይችላል” ነው ያለው።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ውሻውን ያራቡት ሰውዬ የአክስቴ ልጅ የድሮ አለቃ ናቸው። የመቻልን እናትና አባት እንደገና ሊያዳቅሉ ነው ሲባል ሰማሁ። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ስነግረው “ተይ በናትሽ፣ ሰውዬውን አታስቀይሚብኝ። ደግሞ አንቺ አልገዛሽው” አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም። ብር ይመለስልኝም፣ ውሻ ይቀየርልኝም አልልም። ልንገራቸው? ከነገርኳቸውስ ምን ብዬ?

ጀሞ ሁለት፦

እኔ ብሆን እተወው ነበር። ሐኪሙ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ነገ ወሬው ሲዞር “የእሳቸው ውሾች በሽተኛ ናቸው” ነው የሚባለው። በ“ሊሆን ይችላል” የሰው እንጀራ አይዘጋም። ውሻሽን አሳክሚ፣ አለቀ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ፦

በመጀመሪያ ጎረቤትሽን አረጋጊ። የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ከታየ በ10 ቀን ውስጥ ይሞት ነበር። አራት ወር ሙሉ እየበላ እየጠጣ የኖረ ውሻ አላበደም። የክትባት ደብተሩን አሳዪው።

የአንቺ ሐኪም ያለው ልክ ነው። ከዘር ይመጣል የሚባለው የሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሳይጥለው ውሻው ፍጹም ጤነኛ ነው፣ የደም ምርመራውም ንጹህ ይሆናል። የአንቺው ሁሉንም ያሟላል። ግን ዲስቴምፐር (በቫይረስ የሚመጣ የውሻ በሽታ)፣ የተባይ መርዝ፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምትም እንደዚህ ሊጥሉ ይችላሉ። ለጀርመን ሸፐርድ ይህን በሽታ የሚለይ የዘረመል ምርመራ የለም። እኛ ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ እየሰረዝን ነው እዚህ የምንደርሰው። ስለዚህ ወንድሜ ጀሞ ሁለት፣ እርግጠኛ እስክትሆን ትጠብቅ ካልክ መቼም አትነግራቸውም ማለት ነው።

ክብሪቱን ተዉት፣ ለሰውም ለውሻም አይጠቅምም። እጃችሁን ከአፉ አርቁ፤ ምላሱን አይውጥም፣ ሳያውቅ ግን ይነክሳል። ሰዓት ያዢ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከደገመው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ውሰጂው። መጣሉን የሚቀንሰው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ከታዘዘለት ደግሞ “ተሻለው” ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ ድንገት ሲቆም ይብስበታል።

ውሻ አራቢ፣ ሰበታ፦

እኔ ራሴ ሸፐርድ አራባለሁ። ደውለሽ “የሸጡት ውሻ በሽተኛ ነው” ብትይኝ እናደዳለሁ፣ አልዋሽም። በስንቱ ነው የሚደወልልን። አንዷ ገንፎ ስትመግበው ከርማ ከሳ ብላ ደውላልኛለች።

ግን ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ቪዲዮውንና የሐኪሙን ወረቀት ብትልኪልኝ ሌላ ነው። ምክንያቱም ከዚያ ሆድ የወጡትን ቡችሎች በሙሉ ማን እንደወሰደ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንቺ አንዱን ብቻ ነው የምታዪው። ሌላ ቤት ያለው ወንድሙ ሌሊት ጓሮ ውስጥ እየጣለው ማንም አላየው ይሆናል። ወላጆቹ ጤነኛ መሆናቸውም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሁለት ጤነኞች ደብቀው የያዙትን ሊያወርሱ ይችላሉ። እኔ ብሆን እነዚያን ሁለቱን መልሼ አላገናኝም ነበር።

በነገራችን ላይ መቻልን ለሴት ውሻዬ ብሎ የጠየቀሽ የለም?

የመቻል እናት፦

አለ! ከጀርባችን ያለው ግቢ። እሺ ልለው ነበር፣ ያሳፍራል።

ውሻ አራቢ፣ ሰበታ፦

እንግዲያውስ መጀመሪያ የራስሽን በር ዝጊ። ሰውዬውን አታዳቅሉ እያልሽ አንቺ እዚያ ጋ ካዳቀልሽ ምን ይሉሻል?

ሜሪላንድ ያለሁት፦

እኔም በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ላብራዶር ነው የወሰድኩት፤ በዓመቱ ዳሌው ተበላሸ። አራቢዋን አላውቃትም ነበር፣ ግን ጻፍኩላት። ከሁሉም የጠቀመኝ በመጀመሪያው መስመር ላይ ምንም እንደማልጠይቅ መናገሬ ነው። ካሳ ልትጠይቅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቀጣዩን መስመር አያነብም።

የአክስትሽን ልጅ ግን አትዝለዪው። ሳትነግሪው ሰውዬው ቢደውሉለት ይቀየምሻል። ፈቃድ አትጠይቂው፤ “ዛሬ ማታ ልጽፍላቸው ነው፣ ስምህን በክፉ አላነሳም” በዪው።

የመቻል እናት፦

እንዲህ ጻፍኩ፣ እዩልኝ። “ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። መቻል አሁን ያለው እኔ ጋ ነው። ከእርስዎ የምፈልገው ነገር የለም። ባለፉት አራት ወራት 4 ጊዜ ጥሎታል። ሐኪሙ ምክንያቱን አልለየም፣ ከዘር ሊሆን እንደሚችል ግን ነግሮኛል። ወላጆቹን ሊያዳቅሉ ነው ሲባል ስለሰማሁ ቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ተመሳሳይ ነገር የታየበት ካለ ቢነግሩኝ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ቪዲዮውንና ወረቀቱን ከፈለጉ እልካለሁ።”

ጀሞ ሁለት፦

እንዲህ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ስም ማጥፋት የለበትም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ፦

ጥሩ ነው። አራቱንም ቀኖች ከነሰዓታቸው ጨምሪበት።

የመቻል እናት (ከስድስት ቀን በኋላ)፦

ልኬው ነበር። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ደወሉ። “ዘሬ መጥፎ ነው እያልሽኝ ነው?” ብለው ጀመሩ። እኔም “አይደለም ጋሼ፣ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት” አልኩ። ትንሽ ቆዩና ቪዲዮውን ላኪ አሉኝ። ትናንት መልሰው ሲደውሉ ከስድስቱ ቡችሎች ሦስቱን የወሰዱትን ጠይቀዋል፤ ደህና ናቸው ተብሏል። ሁለቱን የወሰዱትን ሰዎች ስልክ አጥተዋል። ማዳቀሉን ይተዉት አይተዉት አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የአክስቴ ልጅ እስካሁን እንደተኮሳተረ ነው።

መቻል ፌኖባርቢታል ጀምሯል። ጠዋትና ማታ 2 ሰዓት ላይ በዳቦ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ዳቦውን ውጦ ኪኒኑን ይተፋል። ለዚህ ዘዴ ያለው ሰው አለ?

ሜሪላንድ ያለሁት፦

የለውዝ ቅቤ። ስኳር ምትክ የሆነው ዛይሊቶል እንደሌለበት ግን ጣሳው ላይ አንብቢ፣ እሱ ለውሻ መርዝ ነው።