ስለ ልጅዎ የጽሑፍ ሙያ ለጠየቁት እኅቴ

እኅቴ፣ ልጅዎ ትራንስጀንደር (ስትወለድ ወንድ ተብላ የነበረች ሴት) መሆኗን ሳይሸሽጉ፣ አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ካናዳ ውስጥ እንጀራ ይሆናት እንደሆነ በመጠየቅዎ አከብርዎታለሁ። መልስ ከሰጠነው አንዳንዶቻችን ጥያቄውን ትተን ልጅቷን ለመውቀስ ተሽቀዳድመናል፤ በጣም አዝኛለሁ። ቶሮንቶ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርዎት።

ኬሲ ፕሌት የምትባል ትራንስጀንደር ደራሲ አለች። ማኒቶባ በተባለው የካናዳ ክፍለ ግዛት ከሜኖናይት ቤተሰብ ተወለደች። ሜኖናይቶች የተባሉት ክርስቲያኖች ጦር መሣሪያ ማንሳትን እምነታቸው ስለሚከለክል ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሩሲያ ግዛት፣ ከዛሬዋ ዩክሬን፣ ወደዚያ የፈለሱ ናቸው። ሃይማኖታቸውንና የአያቶቻቸውን ቋንቋ አጥብቀው ያዙ፤ የአንዱ ቤት ነገርም ሌላው ቤት ሳይደርስ አያድርም። እኛ የምናውቀው ኑሮ ነው። ፕሌት ከዚህ ሕዝብ አልሸሸችም፤ ታሪኮቿ ውስጥ አስገባችው እንጂ።

የመጀመሪያ መጽሐፏ «ኤ ሴፍ ገርል ቱ ላቭ» በ2014 በአንድ አነስተኛ የኒው ዮርክ አሳታሚ ታተመ። አሥራ አንድ ታሪኮች ናቸው፤ ከሜኖናይት ገጠር እስከ ብሩክሊን ይዘልቃሉ። ለትራንስጀንደር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የላምብዳ ሽልማት አገኘች። «ሊትል ፊሽ» የተባለው ረጅም ልብ ወለዷ በ2019 የአማዞን ካናዳን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሽልማት ወሰደ። በ2021 ወደ አጭር ልብ ወለድ ተመለሰች፤ ስብስቧም በካናዳ ትልቅ ስም ላለው የጊለር ሽልማት በረጅሙ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ሽልማት ግን የወር ደመወዝ አይደለም። ፕሌትም ከመጻፍ ጎን ለጎን የሌሎችን ሥራ ታርማለች፤ ከካት ፊትዝፓትሪክ ጋርም ሊትልፐስ ፕሬስ የተባለ ማተሚያ አቋቁማለች። ለልጅዎ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት ደግሞ የመጀመሪያው መጽሐፍ ዕጣ ነው። አሳታሚው ሥራውን አቆመ፤ መጽሐፉም ከገበያ ጠፋ። በ2023 የቫንኩቨሩ አርሰናል ፐልፕ ፕሬስ እንደገና አሳተመው። ስለዚህ ልጅዎ አሳታሚው ቢዘጋ ወይም መጽሐፉን ማተም ቢያቆም መብቱ ወደ እርሷ እንደሚመለስ በግልጽ ያልጻፈ ውል አትፈርም። ወጣት ጸሐፊዎች በደስታ ብዛት ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ያልፋሉ።

ሌላም አለ። የካናዳ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፋቸው ለሚገኝ ደራሲዎች በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ ቋሚ ነዋሪነት ይበቃል። ምዝገባው በየካቲት (ፌብሩዋሪ) አጋማሽ ተከፍቶ ሚያዝያ (ኤፕሪል) ማብቂያ አካባቢ ይዘጋል፤ ደራሲው ራሱ ካልተመዘገበ ግን ማንም ፈልጎ አይከፍለውም።

ልጅዎ ውል ሲቀርብላት ቢልኩልኝ አብሬያት በደስታ አነበዋለሁ።