ክርክር፦ «ቶዮታ ነው» ማለት ዛሬም ይበቃል?

ባለ ቪትዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ እንግባባለን።

እኛ አገር መኪና ሲሸጥ ደላላው አስቀድሞ የሚላት ቃል «ቶዮታ ነው» ናት። ገዢውም ከዚያ ወዲያ ብዙ አይጠይቅም። እኔም ያኔ አልጠየቅሁም። ቪትዜን ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እወዳታለሁ። አሁን ግን ልቀይራት ነው። ለስሙ ብቻ ብዬ ብር ከመጨመሬ በፊት ልጠይቃችሁ አልኩ።

የሚያሳስበኝ ይኸውላችሁ። ሂኖ የሚባለው የጭነት መኪና አምራች አብላጫ ድርሻው የቶዮታ ነበር። ማርች 2022 ላይ የጭስና የነዳጅ ፍጆታ መረጃ ሲያጭበረብር እንደኖረ አመነ። የትንንሽ መኪና አምራቹ ዳይሃትሱ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የቶዮታ ነው። ዲሴምበር 2023 ላይ አጣሪ ኮሚቴ በ64 ሞዴሎች 174 የፈተና ደንብ ጥሰት አገኘበት። በግጭት ፈተና ላይ ኤርባጉን በሴንሰር ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ያስፈነዱበት ጊዜ ነበር። ጁን 2024 ላይ ቶዮታ ራሱ በሰባት ሞዴሎች ፈተናው በደንቡ እንዳልተካሄደ ተናገረ። ሊቀመንበሩ አኪዮ ቶዮዳ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ።

የኔ አቋም ይህ ነው። ስሙ በሥራ የተገኘ ነው፣ አልክድም። ግን ያ ሥራ ዛሬም መኖሩን ሳናይ ለስሙ መክፈል የለብንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጎተራው መካኒክ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከጋዜጣ አልነሳም፣ ከሞተር ነው የምነሳው። መኪና ስፈታና ስገጥም 30 ዓመት አልፎኛል። ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ታውቂያለሽ? ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ኮምፒውተር የለውም። ገጠር ውስጥ ቢቆም በመፍቻና በዊንች ይነሳል። ክፍለ ሀገር የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ይህን መኪና የሚመርጡት ለጌጥ አይደለም። ሰው ይዞ በረሃ ገብቶ መመለስ ስላለበት ነው።

ታሪኩም የሚያኮራ ነው። በ1950 ፋብሪካው ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ሠራተኛ ቀነሱ፣ አድማ ተመታ፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ኃላፊነቱን ወስዶ ለቀቀ። ያዳነው የኮሪያ ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘው። የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት ማለት ነው። የላንድክሩዘር አባት የሆነው ቢጄ በ1951 ተሠራና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሠሩትን ዓለም አይቶታል።

ፈተናውን ስላነሳሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከነዚያ ጥሰቶች አንዳንዶቹ ከደንቡ የከበደ ፈተና ናቸው። ከኋላ ሲገጭ ለሚደረገው ፈተና ሕጉ 1,100 ኪሎ ይላል፣ እነሱ በ1,800 ኪሎ ገጭተው ውጤቱን አስገቡ። ጥፋት ነው። ግን መኪናው ደካማ ነው አያሰኝም።

የሚኒባስ ባለቤት፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። ሃይኤስ ባይኖር ቤቴ ባዶ ነበር። ሁለት ልጆቼን ያስተማርኩት በአንድ ሚኒባስ ነው። ሥራው ከንጋት እስከ ማታ ነው፣ ሁሌም ከልክ በላይ ጭነት ነው፣ መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባሌስትራ ቀይሬያለሁ፣ ፍሪሲዮን ቀይሬያለሁ፣ ሞተሩን አንዴ አስከፍቻለሁ። ዕቃው መርካቶም ይገኛል፣ ሐዋሳም ይገኛል። ሌላ መኪና ያለው ጓደኛዬ ለአንድ ዕቃ ሦስት ሳምንት ቆሟል። ሦስት ሳምንት መቆም ለኛ ምን ማለት እንደሆነ የተሾመ ሰው አይገባውም።

ኤሌክትሪክ ነጂ፦
ወንድሜ፣ የዕቃው ነገር ትክክል ነው። ግን አስተውል፣ ዕቃው የሚገኘው መኪናው ስለበዛ ነው። መኪናው የበዛው ደግሞ ቀድሞ ስለገባ ነው። ነገ ሌላ ቢበዛ የሌላው ዕቃ መርካቶን ይሞላዋል።

ሁላችሁም የረሳችሁት ታሪክ አለ። ቶዮታ አሜሪካ ሲገባ ማንም አላመነውም። በ1958 ቶዮፔት ክራውን የሚባለውን ይዞ ሄደ። ጃፓን ውስጥ ደህና የነበረው መኪና የአሜሪካን አውራ ጎዳና ፍጥነት አልቻለም። በዚያ ዓመት የሸጠው ክራውን 287 ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሽያጩን አቋረጠ። አቅም ያለው ኮሮና ይዞ የተመለሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ «የጃፓን ዕቃ» ማለት ርካሽና ተሰባሪ ማለት ነበር። ዛሬ እኛ ስለ ቻይና መኪና የምንናገረው ቃል በቃል ያንኑ ነው።

በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጨዋታው ተቀይሯል። ቶዮታ ደግሞ እዚህ ላይ ዘግይቷል። በ1997 ፕሪየስን ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ነበር። ሙሉ ኤሌክትሪክ ላይ ግን ቆመ። በ1984 ከአሜሪካው መኪና አምራች ጂኤም ጋር ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ የከፈተው ፋብሪካ ዛሬ የቴስላ ነው። ለዓለም ገበያ ያወጣው ኤሌክትሪክ መኪና ቢዚ4ኤክስ በ2022 እንደወጣ ወዲያው ተጠራ፤ ማለትም የተሸጠውን አምራቹ ለጥገና መልሶ ጠራው። ምክንያቱ የጎማው ቡሎን ሊላላ ይችላል የሚል ነው። ቡሎን! የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ነው።

ከቨርጂኒያ፦
ዋሽንግተን ታክሲ ነድቻለሁ። እዚህ ያለነው ሐበሾች ካምሪና ፕሪየስ ላይ ነው ኑሯችንን የመሠረትነው። ስለዚህ ቶዮታን ልጠላው አልችልም። 2009ን ግን አልረሳም።

ኦገስት 2009 ላይ ሳን ዲዬጎ አጠገብ አንድ ሌክሰስ (እሱም የቶዮታ ነው) ፍጥነቱ አልበርድ ብሎ አራት ሰው ሞተ። አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ምንጣፉ የሌላ ሞዴል ነበር፣ የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት ቀረ። ከዚያ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ተጠራ። ተሳፋሪዎቼ «ይሄም ቶዮታ ነው እንዴ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ናሳ ሳይቀር ገብቶ መረመረ። በ2011 ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ምክንያት አላገኘሁም አለ። እዚህ ድረስ ለቶዮታ መልካም ነው።

ግን በ2014 ቶዮታ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተቀጣው መኪናው ስለተበላሸ አይደለም። የሚያውቀውን ችግር ለሕዝብ አሳንሶ ስለተናገረ ነው። መኪና ሊበላሽ ይችላል፣ የሰው ሥራ ነው። ማወቅና ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ሞተሩ ጠንካራ ነው» የሚለው ለዚህ መልስ አይሆንም።

የጎተራው መካኒክ፦
ይሄን ተቀብያለሁ።

የካይዘን ሠልጣኝ፦
እኔ መኪና የለኝም፣ የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ከተቋቋመ በኋላ አምስቱን «ማ»ዎች (ከጃፓን የመጡ የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦች ናቸው) ግድግዳ ላይ ከለጠፉት ፋብሪካዎች አንዱ የኛ ነው። ቶዮታን የማውቀው ስለዚህ በሽመናው በኩል ነው። ይህ ክርክር ደግሞ ዋናው መልሱ እዚያ ይመስለኛል።

ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በሽመና ማሽን ላይ ነው። የማሽኑ ትልቁ ነገር አንድ ክር ሲበጠስ ራሱ መቆሙ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሽመና አጠገብ ያልዋለ ሰው ላይገባው ይችላል። ክሩ ተበጥሶ ካላየኸው ማሽኑ እንከን ያለበትን ጨርቅ ሲያወጣ ይውላል። ስታየው ረፍዷል፣ ጥቅልሉ በሙሉ ተበላሽቷል። ስለዚህ ድሮ ለአንድ ማሽን አንድ ጠባቂ ይቆማል። የሳኪቺ ማሽን ራሱ ስለሚቆም አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ። በ1929 የፈጠራ መብቱን ለእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ100,000 ፓውንድ ሸጡት።

ልጁ ኪይቺሮ በ1933 በዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። በ1936 ኤኤ የምትባለው የመጀመሪያዋ የቤት መኪና ወጣች። በዚያው ዓመት «ቶዮዳ» የሚለውን የቤተሰብ ስም ለመኪናው «ቶዮታ» አደረጉት። ኩባንያው ራሱን ችሎ የቆመው በ1937 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታይቺ ኦኖ የሚባል መሐንዲስ የክሩን ሐሳብ ወደ መኪና መገጣጠሚያው አመጣው። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ይስባል፣ መስመሩ ይቆማል። አለቃ አያስፈቅድም። ዓለም ከቶዮታ ሊማር የሄደው ይህንን ነው። እኛም ፋብሪካ ድረስ የመጣው ይኸው ነው።

እና ዳይሃትሱ ላይ የሆነውን ሳነብ አዘንኩ። ኮሚቴው ዋና ምክንያት ያደረገው የተጣበበ የሥራ ጊዜ ነው። ሠራተኛው ጉድለቱን አይቷል፣ ግን ቀኑ ደርሷል፣ ገመዱን የሚስብ ጠፋ። ከሁሉ የከበደኝ የጃንዋሪ 2024 ዜና ነው። የናፍጣ ሞተር የፈረስ ጉልበት ፈተናን ያጭበረበረው ቶዮታ ኢንደስትሪስ ነው። ይህ ኩባንያ ማን መሰላችሁ? ሳኪቺ በ1926 ያቋቋመው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ራሱ ነው። ክሩ ሲበጠስ ማቆምን ያስተማረው ቤት። ሞተሮቹም ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 300 ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ስለዚህ ባለ ቪትዝ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ስሙ የተሠራው በማቆም ነው። ያላቆሙ ቀን ስሙን ራሳቸው ጎዱት።

የጎተራው መካኒክ፦
ልጄ፣ ይህን የክር ነገር አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥሽ። ግን አንድ ነገር ላንሳ። ዳይሃትሱ ነገሩ ሲጋለጥ ምን አደረገ? ሞዴሎቹን በሙሉ ማስረከብ አቆመ። ቢዚ4ኤክስ ቡሎኑ ሲጠረጠር «አትንዱት» ብለው ጠሩት፣ ሽያጩን አቆሙ፣ ከወራት በኋላ አስተካክለው መለሱት። ዘግይቶም ቢሆን ገመዱ ተስቧል። ይህን የማያደርግ ስንት አምራች አለ?

ከቨርጂኒያ፦
ዳይሃትሱ ያቆመው ከውስጥ ጥቆማ ወጥቶ ነው። ቡሎኑን ግን እስማማለሁ፣ እሱን በጊዜ ነው ያቆሙት።

ኤሌክትሪክ ነጂ፦
እኔ ከዚህ ክር የወሰድኩት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው ቢዚ4ኤክስ ብዙዎቹ ቻይና ውስጥ፣ ከቻይና ኩባንያ ጋር በሽርክና የተሠሩ ናቸው። «ቻይና አልገዛም፣ ቶዮታ ነው የምገዛው» ብሎ የሚከራከር ሰው ስሙን ሳይሆን የተሠራበትን አገር ይመልከት። የተሠራበት ቦታ ለውጥ የለውም ካላችሁ ደግሞ ሌሎቹንም በዚያው ዓይን እዩአቸው።

የሚኒባስ ባለቤት፦
እሱስ ልክ ነህ። እኔ የምለው ግን አንድ ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሃይኤስ አይቻለሁ። ሃያ ዓመት የሠራ ኤሌክትሪክ መኪና ገና አላየሁም። ጊዜ ስጠኝ።

ባለ ቪትዝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ «ቶዮታ ነው» ብሎ ዝም ለሚል ደላላ ብር አልጨምርም። መቼ እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራ፣ ተጠርቶ ከነበረ ተስተካክሎ እንደሆነ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ እተወዋለሁ። አሁን ዓይኔን የጣልኩባት አንዲት ያሪስ ክሮስ አለች፣ ከክልከላው በፊት የገባች። ከተጠቀሱት ሰባት ሞዴሎች አንዱ መሆኑን አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው የፈራሁት።

የጎተራው መካኒክ፦
አትፍሪ፣ ግን አትቸኩዪ። ቀብድ እንዳትከፍዪ። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻት ነይ፣ በክሪክ አንስተን ከሥሯ እናያታለን።