ጥቆማ፦ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ስፖርት፣ ቱሉ ዲምቱ ሆነን የሞከርነው

«አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፣ ስፖርት የሚያሠራልን የት እናገኛለን?» ላልሽው እህት፣ መልሱ ስለረዘመብኝ ለብቻው ጻፍኩት። እኛም አባዬን ይዘን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ብዙ ሞክረናል፣ ብዙ ብርም አቃጥለናል።

መጀመሪያ መሃል ከተማ እናመላልሰው ነበር። ፊዚዮቴራፒው ጥሩ ነው። ግን የታክሲ ሰልፉ፣ ቃሊቲ ላይ ያለው መንገድ መዘጋጋት፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የመድኃኒቱ ጉልበት አልቆ እግሩ እንደ ግንድ ደርቆ... ለአንድ ሰዓት የማትሞላ ስፖርት ግማሽ ቀን ይሄዳል። በሁለተኛው ወር ራሱ «በቃኝ» አለ። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅርብ ያለውንና የማይቋረጠውን ያዙ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው) ግምገማም 156 ጥናቶችን አይቶ ዳንስም በሉት የውሃ ውስጥ ስፖርት፣ አብዛኛው ለእንቅስቃሴ እንደሚጠቅም፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ትንሽ እንደሆነ ነው ያገኘው።

ቤት የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ላይ ብር አውጡ፣ ግን ከመስማማታችሁ በፊት «ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አሠርተህ ታውቃለህ?» በሉት። እኛ ጋ የመጣው የመጀመሪያው ሰው እግር አሽቶ፣ ሂሳብ ተቀብሎ ሄደ። ሁለተኛዋ ልጅ ግን ገና እንደገባች ከወንበር አስነሳችው፣ አስኬደችው፣ አዞረችው፣ በሰዓት ያዘችው፣ ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠች። አሁን በወር አንዴ ብቻ ነው የምትመጣው፣ ቀሪውን እኛው እናሠራዋለን።

የሰፈር ጂም ዋጋው ይሻላል። አሠልጣኙን ግን አስረዱት። የኛው ልጅ አባዬን እንደ ጎረምሳ ቆጥሮ ትሬድሚሉን ሲያፈጥንበት ለትንሽ ነው ከመውደቅ የተረፈው። ትሬድሚል የግድ ከሆነ መደገፊያ ያለው፣ ልብስ ላይ የሚሰካው ማቆሚያ ገመድ ያለው ይሁን፣ ሰውም አጠገቡ ይቁም።

እኛን የጠቀመን ቋሚ ብስክሌት ነው። ያገለገለ ገዛን። ተቀምጦ ስለሚሠራ አይወድቅም፣ ዝናብም ጭቃም አያግደውም። ሆላንድ ውስጥ 130 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ቤታቸው ሆነው በሳምንት ሦስት ቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ብስክሌት እንዲነዱ የተመደቡት፣ ከስድስት ወር በኋላ ማፍታታት ብቻ ከሠሩት የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ትንሽ ትንፋሽ ቆረጥ እስኪያደርግ ነው ታዲያ፣ እየተንፈላሰሱ መርገጥ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም የረከሰው ደግሞ ናስትሮ ነው! አባዬ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቅበት ነበር። ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ደማቅ ናስትሮ በእርምጃ ልክ አግድም ለጠፍን፣ መስመሩን እየተሻገረ ይሄዳል። ሙዚቃም ይሠራል፣ ምቱ ግልጽ የሆነ፣ ችክችካ ነገር (ትዝታ ከከፈታችሁለት ቁጭ ብሎ ይተክዛል እንጂ አይራመድም)። እግሩ ሲጣበቅ እጁን አትጎትቱ። ቆም ይበል፣ ክብደቱን ግራና ቀኝ ያዛውር፣ ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ። ሲዞርም ባለበት ከመሽከርከር ሰፋ አድርጎ ይዙር። ነጠላ ጫማውን ደብቁት።

ሰዓቱን ጠብቁ። ስፖርቱ መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራ ነው፣ አባዬ ከዋጠ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይሻለዋል። ሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) ደግሞ ከሥጋም ከሽሮም ጋር ይጋፋል፣ ፕሮቲኑ ነው ችግሩ፣ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ ይመረጣል። ይህንንም ስፖርቱንም ግን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትጀምሩ፣ በተለይ ልብ ወይም ሲነሳ የሚወርድ ግፊት ካለ። የነርቭ ሐኪም ለሌላችሁ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክሊኒክ አለው፣ በሪፈር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ድጋፍ ድርጅትም አለ፣ እሱንም ጠይቁ።

አሁን እኔም ልጠይቅ። ኮዬ ፈጬ ድረስ የምትመጣ ሴት ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ። አንዲት የምናውቃቸው እናት «ወንድማ አይነካኝም» ብለው እምቢ ብለዋል፣ የኛዋ ደግሞ ቀኗ ሞልቷል።