ለሥጋ የሚሆን ኮርማ፦ ቦረና ወይስ አንገስ?

ድሬዳዋ ዳር ላይ ከብት አረባለሁ። 9 ላሞች አሉኝ፤ ሁሉም የአካባቢው ዘር፣ ትንንሽ። ጥጃዎቹን አሳድጌና አደልቤ ለሥጋ መሸጥ ነው ሐሳቤ። መኖዬ የማሽላ አገዳ፣ የጫት ገራባና ትንሽ ፋጉሎ ነው።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ሳስዳቅል የተገኘው የሆልስታይን ዘር ብቻ ነበር። ወይፈኖቹ ቁመት አወጡ፣ ሥጋ ግን የላቸውም። የወተት ዘር ነውና አይፈረድበትም። ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ሥር ቆመው ያለከልካሉ፣ መኖ ይተዋሉ። መዥገሩም አልማራቸው። ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ነጋዴው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ሻኛ ላይ ነው። ሻኛ ከሌለ «ይሄማ የሐረር ሰንጋ አይደለም» ብሎ ዋጋ ይሰብራል።

አሁን ሁለት ነገር እያሰብኩ ነው። አንዱ ቦረና ኮርማ መግዛት። ሙቀትና መዥገር ይችላል፣ ሻኛም አለው። ግን እሱም ላሞቼም ዜቡ (ሻኛ ያለው የሞቃት አገር ከብት) ስለሆኑ ከመዳቀሉ የሚገኘው ብልጫ ያንሳል። ሌላው የአንገስ፣ ማለትም የስኮትላንዱን የሥጋ ከብት፣ ዘር ማስመጣት። ጥጃው ሲወለድ ከግዙፉ የውጭ ዝርያ ከሲሜንታል ጥጃ ቀለል ስለሚል ትንሽ ላም አያስጨንቅም፣ ሥጋም ቶሎ ይይዛል። የቆላው ፀሐይ ግን ያሰጋኛል።

በሞቃት አካባቢ ለሥጋ ያዳቀላችሁ፣ ለእነዚህ ላሞች የቱን ኮርማ ላስቀድም?