የጋራ ረቂቅ፦ ልጆቻችን የመሬት ሳይንስን በአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚዎች እንዲማሩ

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ረቂቁን አነበብኩት። «ትምህርቱ በነጻ ነው» የሚለው መክፈቻ ወደ ታች ይውረድልኝ። ክፍያ አለመኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተመራቂው ቢያንስ 5 ዓመት በመኮንንነት ማገልገል ግዴታው ነው። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ይስማ። እኛ የምንፈልገው ድንጋይ አንስቶ «ይህ ከየት መጣ?» የሚለውን ልጅ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የምድር ጦሩ አካዳሚ ዌስት ፖይንት የቆየ ታሪክ አለው፤ ጄኮብ ቤይሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ኬሚስትሪ፣ ማዕድንና ጂኦሎጂ እያስተማረ ከአትላንቲክ ወለል የወጣውን ደለል በማይክሮስኮፕ መርምሯል። ዛሬ ጂኦሎጂ የሚሰጠው በጂኦግራፊና አካባቢ ምህንድስና ክፍል ሥር ነው። ባሕር ለሚወድ የባሕር ኃይሉ አካዳሚ አናፖሊስ የውቅያኖስ ጥናት አለው።

አባል፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦ እስማማለሁ፣ ግን ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም ይግባበት። እ.ኤ.አ. በ1943 የመጨረሻ ሌሊት ሁለት የብሪታንያ ወታደሮች ጀርመን ወደያዘው የኖርማንዲ ዳርቻ ዋኝተው የአሸዋ ናሙና ይዘው ተመልሰዋል። ጦሩ እዚያ ሲያርፍ ታንክ የሚውጥ ለስላሳ አፈር ከሥሩ ይኖር ይሆን የሚለው ሥጋት ነበር። የከርሰ ምድር ውኃ ፍለጋም፣ መንገድና ድልድይ ሥራም እንዲሁ አፈሩን ከማወቅ ይጀምራሉ። ልጆቹ ይህን ቢሰሙ ጂኦሎጂን የሙዚየም ድንጋይ ብቻ አያደርጉትም።

እናት፣ ዋሽንግተን ዲሲ፦ ወንድሞቼ፣ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመግባት የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ልጄ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ የያዘውም ግሪን ካርድ። ገና ዜግነት ስላልወሰድኩ ተስፋ የለውም ማለት ነው?

አስተባባሪ፦ እህቴ፣ ተስፋ አለው። እርስዎ ዜግነት ሲወስዱ ልጅዎ 18 ዓመት ካልሞላውና በእርስዎ አሳዳጊነት አብሮዎት እየኖረ ከሆነ በሕግ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ስለዚህ የእርስዎን ማመልከቻ አያዘግዩት፤ ይህን በረቂቁ በጉልህ እንጽፈዋለን፣ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውምና። ለመግባት ዕድሜው ከ17 በታች መሆን የለበትም፣ አካዳሚው ያስቀመጠውን የዕድሜ ጣሪያም ማለፍ የለበትም፣ ያላገባም መሆን አለበት። ለዌስት ፖይንትም ሆነ ለአናፖሊስ የዕጩነት ድጋፍ፣ ማለትም የባለሥልጣን ጥቆማ፣ ያስፈልጋል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ልጅ ሁለቱን ሴናተሮችና የምክር ቤት አባሉን ይጠይቃል። ዋሽንግተን ሴናተር ስለሌላት የእናንተ ልጆች በር ጠባብ ነው፤ ያላችሁት የከተማዋ የኮንግረስ ተወካይና የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አካዳሚ ግን ይህን አይጠይቅም፣ የባሕርና አካባቢ ሳይንስም ያስተምራል።

አባል፣ አሌክሳንድሪያ፦ እንግዲህ ሥራው በ11ኛ ክፍል ይጀመር፤ 12ኛ ከገቡ በኋላ ይረፍዳል። ልጆቹን ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ወስጄ የፖቶማክ ወንዝ ዐለቱን እንዴት እንደሰረሰረ የማሳየው እኔ ነኝ።

አስተባባሪ፦ ተስማምተናል። የዜግነቱንና የዕጩነቱን ክፍል እኔ እጽፋለሁ፤ እህቴ፣ ወላጅ የሚጠይቀውን ሁሉ ዘርዝረው ይላኩልኝ። ቅዳሜ ስንሰበሰብ አንብበን እንፈርማለን።