መኪና የሚጭን ተሳቢ ላይ ልቀጠር ነው፣ «ጭረት በሹፌሩ ሂሳብ» የሚል ውል ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

የአዘዞው

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጎንደር አዘዞ ነው ያለሁት፣ 7 አመት ኤፍኤስአር የሚባለውን የአይሱዙ ጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ በብዛት ከመተማ መስመር ሰሊጥ፣ ሲገኝ ደግሞ ማዳበሪያ። የደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 2 አመት ሆነኝ፣ ተሳቢም ሰው እየተካሁ ነድቻለሁ አዲስ አይደለሁም። አሁን ከጅቡቲ መኪና እየጫነ የሚያስገባ አንድ ድርጅት በሰው በሰው አግኝቶኝ ሊቀጥረኝ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ተሳቢ ነው፣ 6 መኪና ይጭናል። ደሞዝ 12 ሺ፣ አበል ለብቻው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሉን ሲሰጡኝ ግን «በጭነቱ ላይ ለሚደርስ ማንኛውም ጭረትና ጉዳት ሹፌሩ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፣ ከደሞዙም ይቀነሳል» የምትል አንቀጽ አለች። በዛ ላይ ቤት ያለው ዋስ አምጣ ተባልኩ። አጎቴ እሺ ብሎኛል፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ ሰውየው ያለው ያቺ ቤት ብቻ ናት እኔ በማላውቀው ስራ ገብቼ ላስነጥቀው ነው ወይ። ሰሊጥ ቢፈስ አንድ ጆንያ ነው፣ መኪና ግን በጥፍር ብትነካው ዋጋ አለው። ስራውን የሰራችሁ ካላችሁ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፣ እስከ አርብ መልስ ስጥ ብለውኛል።

ባለ ተሳቢው

ወንድሜ እንኳን ሳትፈርም ጠየክ። እኔ 4 አመት መኪና ጭኛለሁ፣ አሁን ሲሚንቶ ላይ ነኝ፣ የተውኩትም ወገቤን ስላመመኝ እንጂ ስራው ጠልቼው አይደለም። እዛ ፎቅ ላይ በቀን ስንቴ ወጥተህ ወርደህ ተንበርክከህ እንደምታስር ስትገባበት ታየዋለህ።

ዋናውን ልንገርህ፣ መኪና ጫኝ የሚበላው መንገድ ላይ አይደለም፣ ርክክብ ላይ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬ ጅቡቲ ላይ ስድስት መኪና የተረከብኩት ማታ ነው፣ ሙቀቱ አልበረደም፣ ተረካቢው ቶሎ በል ይለኛል፣ ኋላዬ ሌላ ተሳቢ ቆሟል። ፈረምኩ። ሚሌ ኬላ ላይ ጠዋት ቁርስ በልቼ ስመለስ ጸሀይዋ በጎን ስትመታው አንዷ ነጭ መኪና ከኋላ በር እስከ ፓራፋንጎ ድረስ የተዘረጋ ጭረት አላት። ጭረቱ ውስጥ አቧራ ገብቶ ደርቋል፣ ማለት የቆየ ነው፣ ከመርከብ ይሁን ከወደብ እግዜር ይወቀው። ወረቀቱ ላይ ግን «ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ» ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ። ከፈልኳት።

ከዛ በኋላ እንዲህ ነው የምሰራው የነበረ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሀና ሁለት ፎጣ ጋቢና ውስጥ አይጠፋም። ወደብ ላይ የቆመ መኪና አቧራና ጨው ለብሶ ነው የምታገኘው፣ ጭረት እዛ ስር ነው የሚደበቅ። ሁሉንም እጠብ አልልህም ጊዜ አይሰጡህም፣ አራቱን የፓራውልት ጫፎች፣ የበሮቹን ጠርዝ፣ ስፖኪዮውን፣ ቸርኬውን፣ የኮፈኑን ጫፍ አርጥበህ ጥረግ። ባትሪ መብራት ፊት ለፊት አታብራ፣ ከጎን አጋድመህ ያዘው ጭረቱ ራሱ ብቅ ይላል። መስታወት ላይ የጠጠር ምት ካለ በጣትህ ዳብሰው። እያንዳንዱን መኪና በአራቱ ማእዘን ፎቶ አንሳ፣ የሻንሲ ቁጥሩም በፎቶ ይግባ፣ አለዚያ የየትኛው መኪና ፎቶ ነው ይሉሀል። ያየኸውን በሙሉ ከመፈረምህ በፊት ርክክቡ ላይ በእጅህ ጻፍ፣ ባንተ ኮፒ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ኮፒ ላይ። ጨለማ ከሆነ ወይ ቆሻሻ ሆኖ ካላየኸው «ቆሻሻ ስለሆነ አካሉን ማየት አልተቻለም» ብለህ ጻፍ። ይቆጡሀል፣ ይቆጡ። ስታስረክብም እንደዛው ነው፣ ተቀባዩ አይቶ ሳይፈርምልህ ቁልፍ እንዳትሰጥ።

ደግሞ ጎንደር ቤቴ እያደርኩ እሰራለሁ ብለህ እንዳትቆጥር። አብዛኛው ጭነት በአዋሽ አርጎ ወደ ሞጆና አዲስ አበባ ነው የሚሄድ። ወደኛ የሚመጣው ሲገኝ በሚሌ ጭፍራ ወልዲያ፣ ከዛ ጋሸና ደብረታቦር ወረታ ነው፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ። ከበረሀ ደጋ ስትወጣ ማሰሪያው ይላላል፣ እኔ ከተነሳሁ ከ30 ኪሎሜትር በኋላ ቆሜ እያንዳንዷን ቀበቶ በእጄ ነው የምስብ፣ ከዛ በቆምኩ ቁጥር። ማሰሪያው ጎማው ላይ ነው የሚጠመጠመው፣ አካሉ ላይ ወይ አክሱ ላይ እንዳታስር፣ ጎማው ከታሰረ መኪናው በራሱ ሞላና ባሊስትራ ላይ ሲወዛወዝ ቀበቶው አይቆረጥም።

ብርሃን ከማራኪ

እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት ሂሳብ ላይ 9 አመት ስለሰራሁ ስለ ውሉ ልበል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ከደሞዝ ቅነሳ ገደብ አለው፣ ሰራተኛው በጽሁፍ ቢስማማም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሶስተኛ መብለጥ የለበትም። ደሞዝህ 12 ሺ ከሆነ ከ4 ሺ በላይ በወር ሊቆርጡብህ አይችሉም። ግን ይሄ ያድነኛል ብለህ አትዘናጋ፣ እዳው አይጠፋም ይረዝማል እንጂ። የአንድ መኪና የፊት መብራት 60 ሺ ተብሎ ቢጻፍብህ በ4 ሺ ሂሳብ 15 ወር እየተቆረጠብህ ነው። ዋስ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው፣ ካንተ በወር ያላገኙትን ከአጎትህ ቤት ለማግኘት።

ስለዚህ አርብ ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቃቸው። አንደኛ የአጓጓዥ ኃላፊነት ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ በል፣ ሶስተኛ ወገን አለን ቢሉህ እሱ ሌላ ነው፣ የጫንከውን እቃ አይመለከትም። ካላቸው ኤክሰሱ ስንት ነው በል፣ ማለት ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ድርጅቱ ራሱ የሚችላት ገንዘብ፣ አንተ ላይ የሚጥሉት ብዙ ጊዜ እሷን ነው። ሁለተኛ ያቺ «ማንኛውም» የምትለው ቃል ትውጣ። «በሹፌሩ ጥፋት መድረሱ በተረጋገጠ ጉዳት» ይባል፣ በርክክብ ላይ የተመዘገበ ጉዳት እንደማይመለከትህም ይጻፍ። የአጎትህ ዋስትና ደግሞ በገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፣ እስከዚህ ብር ተብሎ በአሃዝም በፊደልም ይጻፍ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነም። ጣሪያ የሌለው ዋስትና እንዳታስፈርመው አደራ። እኔ በስራዬ ላይ አንድ አባት ለልጃቸው ጓደኛ ዋስ ሆነው ወረዳና ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ፣ እስካሁን አይወጣልኝም።

የሙከራ ጊዜም ካለ በጽሁፍ መሆን አለበት ከ60 የስራ ቀንም አይበልጥም። ጡረታ እንደሚከፍሉልህ አረጋግጥ፣ 11 ከመቶ እነሱ 7 ከመቶ ካንተ። አበል ደሞዝ ስላልሆነ ጡረታህ የሚታሰበው በ12 ሺዋ ነው።

የአዘዞው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ እህቴ ብርሃን ያልሺውን ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሚጫኑት አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ናቸው ብለውኛል። እኔ ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ተቀምጬም አላውቅ፣ ፎቅ ላይ ማውጣት ከባድ ነው?

ኤሌክትሪሺያኑ 18

ትክክል ነው፣ ከ2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሁን የሚመጣው እሱ ነው። እኔ እዚሁ ጎንደር የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሰራ፣ ከተሳቢ ላይ አልወርድም ያለ ኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ሄጃለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ችግሩ ትልቁ ባትሪ አልነበረም፣ ትንሿ 12 ቮልት ናት። እሷ ከሞተች መኪናው አይነሳም፣ የእጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ስለሆነ አይለቅም፣ ማርሹም ኒውትራል አይገባም፣ ጎማው ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ሹፌር በሰንሰለት ጎትቶ ሊያወርደው ሲል ነው የደረስኩት፣ ጎማው ፎቁ ላይ ጥቁር መስመር ሰርቷል፣ ትንሽ ቢቀጥል መኪናውን ይጎዳው ነበር። 12 ቮልቷን ከሌላ ባትሪ ጃምፕ ስናደርጋት በሁለት ደቂቃ ወረደ። ስለዚህ የጃምፕ ገመድና አንድ ደህና ባትሪ ይኑርህ፣ ስትጭን ደግሞ በሩን ከፍተህ፣ መብራት ወይ ቴፕ አብርተህ አትተው፣ ረዳትህንም አስጠንቅቀው ስልኩን እዛ ላይ ቻርጅ ያደርጋል።

ሌላው ከስር ያለው ወለል ባትሪ ነው። ክሪክም ሆነ ሰንሰለት እዛ እንዳይነካ። ራምፑ ላይ ሲወጣ መሀሉ ሊነካ ሲል ቁም፣ ከራምፑ እግር ስር ጣውላ ደርድረህ ዳገቱን አለስልሰው። ስትረከብ የቻርጁን መጠን ዳሽቦርዱ ላይ አይተህ ርክክቡ ላይ ጻፈው፣ ጥቂት ቻርጅ ብቻ ያለው ከሆነ ከአራት ቀን በኋላ ቻርጁ አልቆ አልወርድ እንዳይልህ። ክብደቱንም አትናቀው፣ ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ነው፣ አንዳንዱ ኤሌክትሪክ 2 ቶን ይጠጋል፣ ከባዶቹን ታች አድርጋቸው።

ዳላስ ያለ ጎንደሬ

ሰላም የሀገሬ ልጅ፣ እኔ እዚህ አሜሪካ 9 መኪና የሚጭን ነው የምነዳው 5 አመቴ ነው። አገሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው ባለ ተሳቢው ያለህ ሁሉ እውነት ነው። እዚህ በህግ ከተነሳህ በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ ማለትም 80 ኪሎሜትር ሳይሞላ ቆመህ ማሰሪያ ማየት አለብህ፣ ከዛ ደግሞ በየ3 ሰአቱ ወይ በየ150 ማይሉ። እሱ በ30 ኪሎሜትር ማየቱ ለኛ መንገድ ይሻላል። የምጨምርልህ ቁመት ነው። እዚህ በብዙ ስቴት ገደቡ 4 ሜትር ከ11 ሳንቲም ገደማ ነው፣ እኔ እያንዳንዱ ጭነት ላይ በሜትር ዱላ ለክቼ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ መሪው ላይ እለጥፋለሁ፣ ምክንያቱም መኪናው በተቀየረ ቁጥር ቁመቱም ይቀየራል። ጎንደር ላይ ድልድይ አያሰጋህም፣ የመብራትና የቴሌ ሽቦ ነው። ጥምቀት ሰሞንማ መንገድ ለመንገድ ባንዲራ የሚዘረጋበት ገመድ አለ፣ ያ ገመድ የላይኛዋን መኪና ጣሪያ ጠርጎ ነው የሚሄድ። ፒያሳ ድረስ ይዘህ እንዳትገባ፣ አዘዞ ላይ ሰፊ ቦታ አውርደህ ባለቤቱ እየነዳ ይውሰድ፣ ይሄንንም ድርጅቱ ከደንበኛው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።

ሁለተኛ ነገር፣ ፎቅ ላይ መኪና ስታወጣ ቀበቶህን አውልቅ፣ የሱሪህን ማለቴ ነው፣ የብረት ዘለበቱ ነው በር የሚጭር። ሰአትና ቀለበትም እንደዛው። ስትወርድ በሩ ከተሳቢው ምሰሶ ጋር እንዳይጋጭ ስፖንጅ ቆርጠህ ምሰሶው ላይ እሰር።

ታናሹ

እኔ ግን ይቅርብህ ነው የምለው ወንድሜ። ታላቅ ወንድሜ ይሄን ስራ ጀምሮ መንገድ ተዘግቶ ወረታ ላይ 9 ቀን ቆመ፣ ድርጅቱ የቆምክበት ቀን አበል የለውም አለው። በላ ከኪሱ፣ ለጥበቃ ከፈለ ከኪሱ፣ ሌሊት ስድስት መኪና እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ እየተቀመጠ። እናታችን በየቀኑ ስልክ ስትጠብቅ ታመመች። ሰሊጥ ቢሆን ቆልፎ ቤቱ መጥቶ ያድር ነበር።

ባለ ተሳቢው

የታናሹ እውነት ነው እኔም ረስቼው ነው። የአዘዞው፣ መንገድ ተዘግቶ ወይ ጉምሩክ ይዞህ ለምትቆምበት ቀን አበል ይከፈላል የሚል ውሉ ላይ ይግባ። የጥበቃ ብርም ማን ይከፍላል በል። እናትየዋን ግን እግዜር ይማርልን ወንድሜ።

የአዘዞው

አርብ ሄጄ መጣሁ፣ ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ስራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ሌላው ሹፌር ሁሉ ፈርሟል አለኝ። እኔም አልሰራም አላልኩም፣ አንቀጿን ላስተካክላት ነው የመጣሁት ብዬ ብርሃን የጻፈችልኝን አሳየሁት። ኢንሹራንሱ አላቸው፣ ኤክሰሱን ግን ሹፌሩ ነው የሚከፍል አሉ፣ ተከራክረን በኔ ጥፋት ሲሆን ብቻ ተባለ። «ማንኛውም» ወጣች። የቆምኩበት ቀን አበል ግማሹን ነው የተስማሙት ከዛ በላይ አልሆነልኝም፣ የጥበቃ ግን በደረሰኝ ይተካሉ። ዋስትናው ጣሪያው 50 ሺ ሆነ ለ1 አመት። አጎቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብቦኝ ነው የፈረመ፣ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ «በል አንተም እንደኔ እያነበብክ ፈርም» አለኝ።

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰአት እነሳለሁ። ጀሪካኑን፣ ሁለት ፎጣ፣ ባትሪ መብራት፣ የጃምፕ ገመድ ዛሬ ገዛሁ። ስፖንጅ አዘዞ ላይ አጣሁ፣ ፍራሽ ሰሪ ጋ ቁራጭ ይኖር ይሆን?

ኤሌክትሪሺያኑ 18

አለ፣ አራዳ ገበያ ፍራሽ ሰፊዎቹ ጋ በኪሎ ይሸጡልሀል። ወፍራሙን ውሰድ።