ከተዳቀለ ቡና ዘር የበቀሉት ችግኞች እናታቸውን ያልመሰሉት ለምንድን ነው?

የአጋሮ መንገድ ጠየቀ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤተሰቦቼ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ቡና ያመርታሉ። አባቴ አባቡና የተባለውን የተዳቀለ ዝርያ ተክሎ በምርቱ እጅግ ስለተደሰተ፣ ፍሬ በብዛት ከያዘ አንድ ዛፍ ላይ ደህና ደህናውን ቀይ ቡና ለቅሞ፣ ፈልፍሎና ጥላ ሥር አድርቆ ችግኝ አፈላ። ችግኞቹ ማሳ ላይ ውለው ፍሬ መያዝ ሲጀምሩ ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ፍሬው የተንዠረገገ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ገና አረንጓዴ ሳለ ሲቢዲ በተባለው የቡና ፍሬ በሽታ እየጠቆረ የሚረግፍ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤታችን በዚያው መንገድ 74110 ከተባለው የቡና ዝርያ ዘር ወስዶ ያፈላቸው ችግኞች በሙሉ እናታቸውን ይመስላሉ። አባቴ አፈሩን ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት ስለ ዘረመልና ክሮሞዞም የተማርኩትን ከዚህ ጋር ማገናኘት አቅቶኛል። የሚያስረዳኝ ካለ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

የባዮሎጂ መምህር መለሰ፦

አባትዎ አፈሩን መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአፈሩ ለምነት፣ የጥላው መጠንና የቦታው ከፍታ የቡናን ቁመትም ምርትም ይለውጣሉ። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ ቢሆን ኖሮ የማሳው አንድ ወገን ደህና፣ ሌላው ወገን ደካማ ሆኖ ይታይ ነበር እንጂ ድንኩና ረጅሙ ጎን ለጎን ተደበላልቀው አይቆሙም ነበር።

የአረቢካ ቡና እያንዳንዱ ህዋስ 44 ክሮሞዞሞች አሉት። እነዚህ በ22 ጥንድ የተደራጁ ሲሆኑ፣ ከየጥንዱ አንዱ ከእናት እንቁላል፣ ሌላው ከአባት የአበባ ብናኝ የመጣ ነው። ዛፉ በተራው ብናኝና እንቁላል ሲያዘጋጅ ግን ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ያስተላልፋል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚተላለፍ የሚወስነውም ዕድል ነው። የችግሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘረመሎች በክሮሞዞሞች ላይ ተደርድረው ስለሚጓዙ፣ የጥንዱ ሁለት አባላት አንድ ዓይነት ከሆኑ የትኛውም ቢተላለፍ ውጤቱ አይለወጥም፤ የሚለያዩ ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ዘር የራሱ ዕጣ ይወጣለታል።

አባቡና ሆን ተብሎ የሁለት የተለያዩ ወላጆች ልጅ እንዲሆን የተደረገ ነው። በመሆኑም በብዙዎቹ ጥንዶቹ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክሮሞዞሞች የተለያየ ዓይነት ዘረመል ይዘዋል፤ ጥንካሬውና ምርታማነቱም በአብዛኛው ከዚሁ መለያየት የመጣ ነው። ሁሉም 22 ጥንዶች ቢለያዩ አንድ ዛፍ 4,194,304 ዓይነት የክሮሞዞም ስብስብ ያላቸውን ብናኞች ሊያወጣ ይችላል። ይህም ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት እርስ በርስ ቁራሽ መለዋወጣቸውን ሳንቆጥር ነው። ስለዚህ የዛፉ ፍሬዎች የእናታቸውን ዘረመሎች ይወርሳሉ፤ ያን ዛፍ ያን ዛፍ ያደረገውን ጥምረት ግን አይወርሱም።

ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ ያሳየው ይህንኑ ነበር። ድቡልቡልና ጭምድድ ፍሬ ያላቸውን አተሮች ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ድቡልቡል ወጣ፤ እነዚህ በራሳቸው ብናኝ ሲያፈሩ ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 ጭምድድ ፍሬ ተገኘ። የተደበቀው ባሕርይ አልጠፋም ነበር ማለት ነው። የሲቢዲ መቋቋም ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ዘረመሎች ስለሚወሰን፣ እነዚህ ሲበታተኑ አንዱ ልጅ ሁሉንም፣ ሌላው ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይወጣል።

በዓይን ማየት ከፈለጉ ችግኝ ጣቢያ ገብተው አዲስ የሚወጣውን የቅጠል ጫፍ ይመልከቱ። የሁለቱ ወላጆች የጫፍ ቀለም የተለያየ ከነበረ ነሐስማ፣ አረንጓዴና በሁለቱ መካከል ያለ ቀለም በአንድ መደብ ላይ ያገኛሉ፤ ችግኙ በርከት ካለ መካከለኛው ግማሽ ያህሉን ይይዛል።

ጥላ ዛፍ መለሰ፦

መምህሩ በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ስለ 74110 ጥቂት ልጨምር። ሲቢዲ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በሽታው ብዙ ማሳ ሲያጠፋ ጤነኛ ሆነው የተገኙ እናት ዛፎች እየተለዩ ዘራቸው ይመረመር ነበር። ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታል። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ የሚይዝ ተክል ስለሆነ፣ ብዙ ትውልድ እንዲህ ከቆየ በኋላ ጥንዶቹ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ። በዚህ ረገድ ሮቡስታ ከተባለው ሌላ የቡና ዓይነት ይለያል፤ ሮቡስታ 22 ክሮሞዞም ብቻ ያለው ከመሆኑም በላይ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ጎረቤታችሁ ዘር ማስቀመጥ የቻለው የ74110 ጥንዶች በመመሳሰላቸው ነው። እንዲያም ሆኖ ንብ ከሌላ ዝርያ ብናኝ ልታመጣ ስለምትችል፣ ዘር የሚወሰድበት ዛፍ በማሳው መሃል ቢሆን ይመረጣል።

የአጋሮ መንገድ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ከእነዚህ ችግኞች መካከል ምርጥ ሆኖ ከወጣው ዛፍ ዘር ብንወስድ ይረጋ ይሆን?

የባዮሎጂ መምህር፦

ወዲያው አይረጋም። በእያንዳንዱ ትውልድ የጥንዶቹ መለያየት በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል፤ አባቡናውን አንደኛ ትውልድ ካልን በአምስተኛው ላይ ከ16 አንድ እጅ ይቀራል። ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ስለሚፈልግ ሥራው ከ12 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘውም የረጋ ዝርያ ይሆናል እንጂ አባቡና አይሆንም። ለአባትዎ የሚሻለው በእጅ የተዳቀለውን ዘር ወይም ችግኝ ከሚያዘጋጁት በየጊዜው መውሰድ፣ አለዚያም ያለ ዘር ማባዛት ነው። ግንድ ተቆርጦ ሥር ሲያወጣ 44ቱም ክሮሞዞሞች ሳይከፋፈሉ ስለሚተላለፉ ልጁ የእናቱ ቅጂ ይሆናል። ሆኖም ከጎን ቅርንጫፍ እንዳይቆርጡ፤ ሥር ቢያወጣም ወደ ጎን እየተንሰራፋ ያድጋል እንጂ ቀጥ ያለ ግንድ አያወጣም። ዛፉ ከታች ሲጎመድ ከጉቶው ቀጥ ብለው የሚያቆጠቁጡትን ለጋ ቡቃያዎች ይጠቀሙ።